ሱለይ ላይ የቆየው መልእክት

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአንድ ዓርብ ቀን ነው። ከዚያ ቀን በፊት የነበርኩት ሰሎሞን አሁን ሳስበው የሩቅ ዘመድ ይመስለኛል፤ አውቀዋለሁ፣ ግን እኔ ነኝ ለማለት እቸገራለሁ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ሪያድ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። ሱለይ በሚባለው የመጋዘኖች ሰፈር፣ የመኪና መለዋወጫ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ጥገና እሠራለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ የታደሰ፣ አሠሪዬና ዋሴ የሆነው ከፊሌም ደህና ሰው ስለሆነ እዚህ ካለው ሐበሻ መሐል ከዕድለኞቹ ነበርኩ። እዚህ አገር ዕድለኛ የሆነ ሰው ደግሞ ሳይታወቀው ከሌላው ይርቃል። ወረቀት ከሌላቸው ልጆች ጋር ሻይ መጠጣት እንኳ እፈራ ነበር። ክፉ ሰው ሆኜ አይመስለኝም። ፍተሻ ሲመጣ አብሬ እንዳልታፈስ ብዬ ነው።

ለወገኖቼ የምሠራው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ጉበይራ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ባቃላ፣ ከትንሽ ሸቀጥ ሱቅ፣ ፎቅ ላይ፣ የመረዳጃ ዕድራችን የተከራያት ጠባብ ክፍል አለች። የታመመ፣ የታሰረ፣ የሞተ ሐበሻ ሲኖር ሆስፒታሎችም ሆኑ ሌሎች ለዕድሩ በኢሜይል ያሳውቃሉ። የብዙ ሰው ስምና ምስጢር ስላለበት በማናውቀው ሰው እጅ እንዳይሆን ተብሎ የራሳችንን የኢሜይል ሰርቨር የተከልኩት እኔ ነኝ። ዋናው ጉበይራ በዚያች ክፍል ነው ያለው። ዋናው መስመር ሲያጣ የሚመጣውን ተቀብሎ የሚያቆይ ሁለተኛ ሰርቨር፣ ተጠባባቂ የምንለውን፣ ከፊሌን አስፈቅጄ ሱለይ መጋዘናችን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ከተከልኳቸው በኋላ ሁለቱንም ረሳኋቸው። ይሠራሉ፤ በቃ። የሚመጣው መልእክት ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፣ አንብቤም አላውቅም። የእኔ ሥራ ማሽኑ ነው፣ ሰው የሽማግሌዎቹ ነው እል ነበር።

በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት የቀን ሠራተኞች የጫነች ፒክአፕ ወደ ግንባታ ቦታ ስትሄድ ተገለበጠች። ሾፌሩን ፖሊስ ወሰደው። ከኋላ ከተጫኑት ልጆች አንዱ እዚያው ሞተ፤ የቆሰሉት ወደተለያየ ሆስፒታል ተወሰዱ። በጃኬቱ ኪስ የተገኘው ኢቃማ ሰዒድ የሚባል የወሎ ልጅ ስም ያለበት ነው። ሰዒድ ጉበይራ ውስጥ ካሳሁን ከሚባል የጋይንት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይኖር ነበር፤ ያን ቀንም አብረው ነበር የወጡት። ካሳሁን ግን የለም። «ፖሊስ ሲመጣ ሮጦ አመለጠ» ተባለ። ካሳሁን ምንም ወረቀት የሌለው ልጅ ስለነበር ሁላችንም አመንን። ከዚያ ወዲያ ስሙን ያነሳም አልነበረም።

ሰዒድ ዘይነባ የምትባል ታላቅ እህት አለችው። ዑረይጃ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ማዳሟ ነግራት ስትሮጥ ሆስፒታል ደረሰች። ፊቱ በአደጋው ስለተጎዳ ሽማግሌዎቹ «እህቴ፣ አትዪው፣ የሚረሳ አይደለም» ብለው ከለከሏት። ያሳዩዋት ጃኬቱን ነው። ለዒድ የገዛችለት ቡናማ ጃኬት ነበር። አቅፋው ወደቀች። በዚያው ወረቀቱን ፈረመች፤ ቀብሩም ለዓርብ፣ ከቀትር ወዲያ ከሚሰገደው የዐስር ሶላት በኋላ እንዲሆን ተወሰነ።

ማክሰኞ ከሰዓት ደግሞ መንገድ የሚቆፍሩ ሰዎች የሰፈሩን ኬብል በጠሱትና የዕድሩ ቢሮ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፋ። የተመለሰው ዓርብ ጠዋት ነው። ላየው የሄድኩትም ለዚያ ነበር። ስለ ቀብሩ ሰምቻለሁ፤ መስመሩን አይቼ፣ ሐዘንተኞቹን «እግዜር ያጽናችሁ» ብዬ ወደ ቤቴ ልመለስ ነበር ሐሳቤ።

ክፍሏ ውስጥ ዘይነባ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ ለቀብሩ ጉዳይ ወጥተዋል። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ጠዋት መስመሩ ከተመለሰ ወዲህ ጥቂት ኢሜይሎች ገብተዋል፤ የአውሮፕላን ትኬት ማስታወቂያ፣ ከትምህርት ቤት የተላከ የስብሰባ ጥሪ። ሁሉም ደህና ነው ብዬ ልነሳ ስል ከኋላዬ ተናገረች።

«ወንድሜ፣ አንተ ነህ የኮምፒውተሩ ሰው?»

«አዎ እህቴ። አላህ ያጽናሽ።»

«አሚን። ሌላ ወሬ አልመጣም?»

«ስለ ምን?»

«እንጃ። ስለ ወንድሜ።» ድምጿ በልቅሶ ብዛት ሻክሯል። «ሆስፒታሉ፣ ፖሊሱ፣ ሁሉም በዚህ ነው የሚልኩት ይላሉ የዕድሩ ሐጂ። እንዴት እንደሞተ እንኳ የነገረኝ የለም።»

ዳግመኛ አየሁላት። «ምንም የለም እህቴ። ጠዋት የገቡት የማስታወቂያ ነገሮች ናቸው።»

እንዲያው የምትጠይቅ በሚመስል ድምፅ፣ «መስመሩ ተቆርጦ ሳለ የተላከውስ የት ይሄዳል? ይጠፋል?» አለችኝ።

«አይጠፋም። ላኪው መጀመሪያ ወደዚህ ወደ ዋናው ይሞክራል። እዚህ የሚቀበለው ሲያጣ ሱለይ ወዳለው ተጠባባቂ ይሄዳል። ተጠባባቂው ተቀብሎ ያቆይና እኛ ስንከፈት ያስረክበናል።»

«አሁን ተከፍቷል አላልክም?»

«ተከፍቷል። ግን ተጠባባቂው መከፈቱን የሚነግረው የለም። ራሱ እየሞከረ ነው የሚያውቀው። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይሞክራል። ካልሆነለት ትንሽ ይቆያል፤ አሁንም ካልሆነ ከዚያ የበለጠ ይቆያል። ብዙ ጊዜ የተዘጋበት መልእክት ለሰዓታት...»

ንግግሬን መጨረስ አቃተኝ። ለስንት ሰው ያስረዳሁት ተራ ነገር ነው፤ ለራሴ ግን ያን ጊዜ ገባኝ። ዛሬ ጠዋት የገቡት ኢሜይሎች ዛሬ የተላኩ ናቸው። መስመሩ ክፍት ስለሆነ በቀጥታ ገቡ። እነሱን አይተን «እንግዲህ ሁሉም እየገባ ነው፣ ሌላ ነገር የለም» አልን። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ የተላከው ግን ገና ሱለይ ላይ ተራውን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ኋላ የመጣው ቀድሞ ገብቶ፣ ቀድሞ የመጣው ውጭ ቆሟል።

ያን ጊዜ ሐጂ ሙሄ ገቡ። የዕድሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ በሪያድ የሞተ ሐበሻን ሁሉ የቀበሩ ሽማግሌ። ነገሩን ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ምን ይመጣል ብለህ ነው ልጄ?»

«አላውቅም ሐጂ። ባዶ ሊሆን ይችላል።»

«ባዶ ከሆነ ይህችን ልጅ ለምን በባዶ ተስፋ ታንገላታታለህ? ሬሳ አይቆይም። ወረቀቱ አልቋል። መርዶውም ዛሬ ለእናቲቱ ይነገራል፤ ደሴ ያሉት ሰዎች ዝግጁ ናቸው።»

«ተስፋ አልሰጠሁም። ያልታየ ነገር አለ ነው የምለው።»

«ከዚህ ሆነህ ማየት አይቻልህም?»

«አይቻልም። የድርጅቱ ዕቃ ስላለ ከውጭ እንዳይገባበት ዘግቼዋለሁ። እዚያው መሄድ አለብኝ።»

ሐጂ ወደ ዘይነባ ዞሩ። እሷ አስቀድማ ተነስታ ዓባያዋን እያስተካከለች ነበር።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች። «ወላሂ እዚህ ተቀምጬ ግድግዳ አላይም።»

ሐጂ ሰዓታቸውን አዩ። «እስከ ዐስር ሶላት ነው» አሉ። «እኔ ጀናዛው፣ ሬሳው ዘንድ እሆናለሁ። ከዐስር በኋላ ግን አላቆይም፤ ሟቹም መብት አለው።»

ዓርብ ስለሆነ መጋዘኑ ዝግ ነው፣ ቁልፉም ከፊሌ ከአቡ ፈሃድ ጋር ነው። ደወልኩለት። ስልኩ አይነሳም፤ ለጁምዓ ሶላት እየተዘጋጀ ይሆናል። እስኪያነሳ ሳንጠብቅ ወደ ሱለይ ነዳን። ዘይነባ ከኋላ ተቀምጣለች። ከተማው በሙሉ ወደ መስጊድ ገብቶ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከየድምፅ ማጉያው የጁምዓው ስብከት፣ ኹጥባው፣ ይሰማል። አንዳንዴ በመስታወቱ አያት ነበር። አታለቅስም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ላይ ነበረች።

«ምን ብዬ ልለምን?» አለችኝ ድንገት።

«እ?»

«እንዲመጣ ነው እንዳይመጣ ነው የምለምነው? የሚመጣው ወሬ ከዚህ የባሰ ቢሆንስ?»

«ያለው ነገር ይታወቅ ብለሽ ለምኚ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር እኔም የምለምነውን አላውቅም ነበር። ግማሽ ልቤ ሐጂ ልክ ናቸው ይለኛል። ወረፋው ባዶ ቢሆን፣ ይህችን ሴት በወንድሟ ቀብር ቀን ከተማ ለከተማ ያዞርኳት ሰው ሆኜ ልቀር ነው።

መጋዘኑ በር ላይ ቆመን ጠበቅን። ከጁምዓ በኋላ አቡ ፈሃድ ራሱ ደወለ። ጉዳዩን በአጭሩ ነገርኩት። «ያ ሱለይማን፣ ዓርብ ዓርብ ሥራ ምን አመጣው?» ብሎ፣ እንደ ልማዱ ሰሎሞንን ሱለይማን አድርጎ፣ ጀመረና «ጀናዛ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ድምፁ ተለወጠ። «ኸላስ፣ በቃ፣ እመጣለሁ» አለ። የነበረበት ሩቅ ስለነበር ሲደርስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ከመኪናው ወርዶ ዘይነባን አያት፣ ዓይኑን መልሶ ሰላምታ ሰጣት፣ በሩን ከፈተልን። ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ደጃፉ ላይ ቆመ።

ተጠባባቂው ሰርቨር ከካርቶኖቹ ጀርባ፣ ግድግዳ ላይ በተመታች መደርደሪያ ተቀምጧል። ስክሪኑን አገናኝቼ የሚጠብቁትን መልእክቶች እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ዘይነባ ከኋላዬ ቆማለች። ትንፋሿ ይሰማኛል።

ወረፋው ባዶ አልነበረም።

አብዛኛው የማስታወቂያ ቆሻሻ ነው። ከእያንዳንዱ ሥር ማሽኑ የሚጽፋት አንዲት መስመር አለች፦ ግንኙነት አልተሳካም፣ በኋላ ይሞከራል። እሷን እያየሁ ወረድኩ። መሐል ላይ የሆስፒታል አድራሻ አየሁ። ሬሳው ያለበት ሆስፒታል አልነበረም። በከተማው ሌላ ጫፍ ያለ ሌላ ሆስፒታል ነው። የተላከው ሐሙስ ነው።

«ምንድን ነው?» አለች ዘይነባ።

«ከሆስፒታል የመጣ አለ። አሁኑኑ ወደ ዋናው እገፋዋለሁ፤ ሐጂ ቢሮ ሰው ልከው ይከፍቱታል።»

ተራውን ሳይጠብቅ እንዲሞክር አዘዝኩት። ማሽኑ ትንሽ ቆየ። ጉበይራ አይመልስም። እንደገና አዘዝኩ። ያችው መስመር መጣች፦ ግንኙነት አልተሳካም፣ በኋላ ይሞከራል። ጉበይራ ባቃላ ወዳለው ሰውዬ ደወልኩ። «መስመሩ አሁንም ጠፋ፤ ቆፋሪዎቹ ተመልሰዋል» አለኝ።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። መልእክቱ እዚሁ ፊቴ ነው፤ ተጠባባቂው ሙሉውን ይዞታል፣ ከፍቼ ማንበብ እችላለሁ። ግን ሰርቨሩን ስናቆም ለዕድሩ የገባሁት ቃል ነበር፤ የማንንም መልእክት አላነብም ብዬ። ሐጂ ጋ ደወልኩ። ከጀርባቸው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ሐጂ፣ አንድ መልእክት አለ፣ ከሌላ ሆስፒታል። ቢሮ አልገባ አለ። ልክፈተው?»

«አጥበው ከፍነውታል ልጄ። ወደ መስጊድ እየወሰዱት ነው።» ከዚያ ግን «ክፈተው። ክፈተውና አንብብልኝ» አሉ።

በዐረብኛ የተጻፈ ነው። የላከው የሆስፒታሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበር፤ በኋላ እንዳወቅሁት ሱዳናዊ ነው። ጮክ ብዬ እየተረጎምኩ አነበብኩት። ስልካችሁ ላይ ብደውል አይነሳም ይላል። ማክሰኞ በመኪና አደጋ፣ ያለ ምንም መታወቂያ፣ ራሱን ስቶ የመጣ ወጣት አለን ይላል። ዛሬ ነቅቷል። ስሙ ሰዒድ እንደሆነ፣ ዑረይጃ የምትሠራ ዘይነባ የምትባል እህት እንዳለችው ተናግሯል። እባካችሁ ፈልጉለት። እግሩ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ቀዶ ጥገና ስላለበት ዘመድ አጠገቡ ቢኖር ጥሩ ነው ይላል። ከታች ፎቶ ተያይዟል።

ፎቶውን ከፈትኩት። ራሱ በፋሻ የተጠቀለለ፣ ፊቱ ያበጠ ልጅ፣ ካሜራውን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያል።

ዘይነባ አልጮኸችም። እልል አላለችም። ስክሪኑን በጣቷ ነካችውና፣ እዚያው ሲሚንቶው ላይ፣ በካርቶኖቹ መሐል ተንበርክካ ግንባሯን መሬት ላይ ደፋች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስልኩ ላይ ሐጂ «አላሁ አክበር፣ አላሁ አክበር» ይላሉ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። አቡ ፈሃድ ከደጃፉ ገባ አለና ፊቴን አይቶ ሳይጠይቅ ተመልሶ ወጣ።

እኔ ግን አንብቤ አልጨረስኩም ነበር። ከፎቶው በላይ አንዲት መስመር ቀርታለች። «በሽተኛው አብሮት ስለነበረ ካሳሁን ስለሚባል ጓደኛው ደጋግሞ ይጠይቃል። ከመኪናው ኋላ ብርድ ስለያዘው ጃኬቱን እንደሰጠው ይናገራል። ስለዚህ ሰው የምታውቁት ካለ አሳውቁን።»

ይህንንም ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ዘይነባ ከመሬት ቀና አለች። ፊቷ ላይ እንባም አቧራም አለ። ደስታዋ ገና ሳይደርቅ ዓይኖቿ ውስጥ ሌላ ነገር ገባ።

«ታዲያ ያ...» አለች። «ያ እኔ የፈረምኩለት...»

«ካሳሁን ነው» አልኳት።

«ሮጦ አመለጠ አላላችሁም ወይ?»

አላልንም ማለት አልቻልኩም።

በእውነት፣ አሁን ወደ ወንድሟ ሆስፒታል ውሰደኝ ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ሐጂ» አለች፣ «አንቱ፣ አቁሟቸው። በወንድሜ ስም አይቀበር። እናት አለችው።»

«የት ነሽ አንቺ፣ ወደ ሰዒድ ሂጂ እንጂ!» አሏት።

«ሰዒድ ነቅቷል፤ ይጠብቀኛል። ይሄኛው ማን አለው? ፈርሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ፈርሜ የማወጣውም እኔ ነኝ።»

ከሱለይ እስከዚያ መስጊድ የነዳሁትን መንገድ አላስታውሰውም። አቡ ፈሃድ በራሱ መኪና ፊት ፊት ይመራን ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም። ስንደርስ የዐስር ሶላት ገና ተሰግዶ ማለቁ ነው። ጀናዛዎቹ ከፊት ተደርድረዋል። ሐጂ ሙሄ ከሰጋጆቹ ወጥተው፣ በእርጅና አቅማቸው፣ የአንዱን ቃሬዛ ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። የመስጊዱ ሰዎች ከበዋቸዋል፤ የሚቆጣም አለ። «ይህ ሰው ስሙ ሌላ ነው» ይላሉ በተሰባበረ ዐረብኛቸው። «ስሙ ሌላ ነው።»

አቡ ፈሃድ ገብቶ አስረዳ። ስልኬን ወሰደና ከስክሪኑ ፎቶ ያነሳሁትን መልእክት ለኢማሙ አሳየ። ኢማሙ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወደ ዘይነባ ዞሮ «ወንድምሽ ሕያው ከሆነ አላህን አመስግኚ። ስለዚህኛው የምትመሰክሪው አንቺ ነሽ?» አላት።

«አዎ» አለች። «የመጀመሪያው ምስክርነቴ ስሕተት ነበር።»

«ከዚህ ሰው ጋር ዝምድናሽ ምንድን ነው?»

እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የወንድሟ ጓደኛ ነው ልል። ቀደመችኝ።

«ዛሬ እህቱ ነኝ።»

ኢማሙ ራሱን ነቀነቀ። ያቺ ቃሬዛ ከረድፉ ወጣች። ሬሳው ወደ ሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ተመለሰ፤ ሐጂም ደሴ ደውለው መርዶውን አስቀሩ። ዘይነባ እስከ በሩ ድረስ ከኋላው ሄደች፤ በሩ ሲዘጋ ብቻ ነው «አሁን ወደ ሰዒድ» ያለችኝ።

ሰዒድን ያን ዕለት አየሁት። እህቱን ሲያይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሁለቱም እስኪረጋጉ ከበሩ ውጭ ጠበቅሁ። ስገባ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ነገር «ካሳሁን የት ገባ?» የሚል ነው። ዘይነባ እጁን አጥብቃ ያዘችው። ከአያያዟ ገባው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ ግን የካሳሁንን አገር፣ የቀበሌውን ስም፣ ስልክ ያለውን አጎቱን ነገረን። ሐጂ መርዶውን ለመንገር ደጋግመው ሞከሩ፤ ድምፃቸው እየተቆረጠ አልቻሉም። ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። አጎቱን አነጋገርኩት። ሽማግሌ ይዞ በጠዋት እናቱ ቤት እንዲገባ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ ለመንኩት። ከዚያ በፊት ለማንም መርዶ ነግሬ አላውቅም ነበር።

ወረቀቱ ጊዜ ወሰደ። ወረቀት ያልነበረው ልጅ ሲሞት ወረቀቱ በዛ። ሆስፒታል፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ኤምባሲ፤ ከሥራ እየተፈቀደልኝ ዞርኩ። ዘይነባም ማዳሟን እያስፈቀደች በተጠራችበት ሁሉ እየመጣች ፈረመች። በመጨረሻ የካሳሁን አስከሬን በአውሮፕላን ወደ አገሩ ተላከ። በራሱ ስም፣ በራሱ ደብር፣ እናቱ ባለችበት ተቀበረ። ሰዒድ አንድ እግሩን አጥቶ ከወራት በኋላ አገሩ ገባ።

ከቀብሩ በኋላ የካሳሁን እናት በአጎቱ ስልክ አስደውለው አገኙኝ። ምን እንደምላቸው ሳስብ እሳቸው ጀመሩ። «ልጄ፣ አንተ ነህ የላክህልኝ?» አሉ። «እኔ ብቻ አይደለሁም እናቴ» አልኳቸው። ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ፣ «እዚያ ስለ ልጄ የጠየቀ ሰው ነበር?» አሉኝ። ከሁሉ የከበደኝ ያ ጥያቄ ነው። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ማንም እንዳልጠየቀ አውቃለሁ። ግን ሌላም የማውቀው እውነት ነበር። «ነበር» አልኳቸው። «ጓደኛው ከሞት ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ እሱ ነው። አንዲት እህትም በስሙ ቆማለታለች።» «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ብቻውን አልነበረማ።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በስደት ያላችሁም አገር ቤት ሆናችሁ የሰው ወሬ የምትጠብቁም፣ ማሽኑን እንድታመሰግኑልኝ አይደለም ይህን የጻፍኩት። ማሽኑ የታዘዘውን ነው ያደረገው። በር ሲዘጋበት መልእክቱን አልጣለም፤ ያዘና መሞከሩን ቀጠለ፤ እኛ ባንሄድም ያን ቀን ማታ ወይም በማግስቱ ያደርሰው ነበር። ያን ጊዜ ግን ካሳሁን በሰው ስም አፈር ለብሷል፤ አንዲት እናት ደግሞ በሕይወት ላለ ልጇ ለቅሶ ተቀምጣለች። እሱ የሚሞክርበት ሰዓት አለው፤ ለሰው ቀብር አይቸኩልም። የሚቸኩለው ሰው መሆን ነበረበት። እኛ ደግሞ ዝምታን መልስ አድርገን ቁጭ ብለን ነበር። ስለ ሰዒድ ምንም አልመጣም፣ ስለዚህ ምንም የለም። ካሳሁን አልታየም፣ ስለዚህ አምልጧል። እኔ ሰርቨሩን ያቆምኩት ሰው፣ ማሽኑ ላይ «አልተሳካም» ማለት «የለም» ማለት እንዳልሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሰው ላይ ሲሆን ግን አንድ ጊዜም እንደዚያ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የዕድሩ ሥራ ግማሽ ጊዜዬን ይወስዳል። ዓርብ ዓርብ ሆስፒታሎቹን እዞራለሁ፤ ስም የሌላቸውን በሽተኞች እጠይቃለሁ፣ ሱዳናዊው ሰውዬም አሁን የቅርብ ወዳጄ ሆኗል። ወረቀት ከሌላቸው ልጆች ጋር ጉበይራ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ግን ቁጭ እላለሁ። የእያንዳንዳቸውን አገርና የዘመድ ስልክ ሳልጠይቅ አልነሳም።

አንዳንድ ቀን ከመሐላቸው አንዱ ይጎድላል። «እገሌስ?» እላለሁ። «ተርሒል፣ ወደ አገር የሚመልሱበት እስር ቤት፣ ገብቶ ይሆናል» ይሉኛል፣ ወይም «ሮጦ አምልጧል።» ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። እኔ ግን ብርጭቆዬን አስቀምጬ፣ አሁንም እንደሚሰለቻቸው እያወቅሁ፣ እጠይቃቸዋለሁ።

«ሲሮጥ ማን አየው?»